ከእትዬ ዘመነች ጫማ እስከ ኪዳን በር

በዚህ ከተማ ከሁሉም በላይ መፈራት ያለበት ሰው በቅርቡ አንድ ነገር የተማረ ሰው ነው። መኪና መንዳት የጀመረ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ ተቀምጦ የሌለ ፍሬን እየረገጠ ሾፌሩን በዓይኑ ይፈትናል። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስዳ የመጣች የቢሮ ባልደረባ ትን ያለውን ሰው ሁሉ ከኋላው ልታቅፍ ትነሳለች። ስለ ስኳር በሽታ አንድ ንግግር የሰማ ጎረቤት ሻያችሁ ውስጥ የገባውን ማንኪያ ይቆጥራል። የእነዚህ ሁሉ መድኃኒት ጊዜ ነው። ትንሽ ትታገሣላችሁ፣ ይለቃቸዋል።

ፎቶግራፍ መማር የጀመረ ሰው ግን ለብቻው ነው። ሌላው ተማሪ በደብተሩ ይለማመዳል፤ እሱ የሚለማመደው በእኛ ላይ ነው።

ኪዳን ይህን ያወቀው በገዛ ቤቱ ነው። ኪዳን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ያጠና፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የቆዩ ሰነዶች ክፍል ውስጥ ከአቧራ ጋር የሚውል፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነው። እንዳይረሳ ይፈራል፤ ከፍርሃቱ ብዛትም የሚረሳው ነገር የለም። ሚስቱ ጽጌማርያም የመዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ናት። ሰው ማሰለፍ፣ ኮሌታ ማስተካከል፣ ንፍጥ መጥረግና ጸጥ ማሰኘት ሥራዋ ነው። ልጅ አልወለዱም። የሚኖሩት ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙ በማይርቅ ረጅምና ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ረድፍ ይኖርበታል፣ ቧንቧው የጋራ ነው። የእነሱ ቤት መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ኪዳን የተወለደውም እዚያው፣ ዛሬ በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው።

ለጽጌማርያም እቁብ የደረሳት ጊዜ ፍሪጅ ሊገዙ ተስማምተው ነበር። ኪዳን ቦታውን ጠርጎ፣ ሶኬቱን አሠርቶ ሲጠብቅ ጽጌማርያም ጥቁር ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ ገባች። ከቦርሳው ያገለገለ ካሜራ ወጣ። አሮጌ ቢሆንም ሌንሱ ንጹሕ መሆኑን አስረዳችው፤ ፍሪጅ የሚባል ነገር ግን በዓለም ላይ እንዳልነበረ ያህል አላነሳችውም። ቤቴል፣ ከአንድ ካፌ በላይ ባለ ማሠልጠኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለመማር መመዝገቧንም ጨምራ ነገረችው።

አስተማሪው ሚሊዮን ይባላል። ጸጉሩን ከኋላው ያሰረ፣ ከተማሪዎቹ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጽጌማርያምን በር ላይ አይቶ፣ "ማዘር፣ ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?" ብሎ ጠየቃት። እሷም ተማሪ መሆኗን ነግራው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ለዕድሜዋ ብሎ አንቱ ይላታል፣ እሷም ለመምህርነቱ ብላ አንቱ ትለዋለች። ሁለቱ ስለ አንድ ብርቱካን ጥላ ሲነጋገሩ የሰማ ሰው፣ የሁለት አገር አምባሳደሮች ድንበር የሚካለሉ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቅንብር ነበር። በዚያ ቅዳሜ ዓለም በዘጠኝ ተከፈለች። ሁለት መስመር ወደ ታች፣ ሁለት መስመር አግድም ታሰምራለህ፤ የምታነሳውን ሰው መሃል አታስቀምጥም፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው የምታደርገው። ጽጌማርያም ይህን ይዛ ቤት ስትገባ፣ ኪዳን ዕድሜውን ሙሉ በሶፋው መሃል ተቀምጦ ሲሳሳት የኖረ ሰው መሆኑን ተረዳ። ወደ ጥግ ተገፋ። ከጥጉም ላይ መስኮቱ በስተግራ እንዲሆን ተደርጎ እንደገና ተገፋ። ጉርሻ ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ "ባለህበት" ትለዋለች፤ እጁ አየር ላይ ይቀራል፣ ሽሮው ይበርዳል። ትንሽ ቆይታ ካሜራውን ዝቅ ታደርግና፣ "ብርሃኑ አልፈቀደም" ትላለች፣ ፈቃዱን ከልክሎ የሄደ አለቃ ያለ ይመስል። አንድ ቀን ደግሞ ከበስተኋላው ያለው ነገር እንደሚረብሽ ነገረችው። ዞር ብሎ ሲያይ የሠርጋቸው ፎቶ ነበር።

በሰፈሩ ቶሎ ታወቀች። ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ ያለው ጎረቤታቸው ረሻድ፣ ክብርት ተማሪ ጽጌማርያም አስፋልት ዳር በሆዷ ተኝታ ሲያይ ራሷን የሳተች መስሎት የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዞ ሮጠ። እሷ የሱቁን ደጅ ከታች ወደ ላይ እያነሳች ነበር። ውኃውን ሊያፈስባት ሲል፣ "ረሻድ፣ ጥላህ ገባብኝ" አለችው። ረሻድ ያን ቀን ለገበያተኛው ሁሉ ሲያወራ ዋለ፤ በሕይወቱ ሰው ሊያድን ሮጦ ስለ ጥላው የተቆጡት እሱን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉም የከበደው ግን የእትዬ ዘመነች ጉዳይ ነው። እትዬ ዘመነች የግቢው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ኪዳን ሲወለድ እትብቱን ከቆረጡት ሴቶች አንዷ እሳቸው ነበሩ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ሲቆጡት ይህንኑ ያስታውሱታል። ጽጌማርያም ፎቶ ላንሳዎት ስትላቸው ሁለት ቀን ተዘጋጁ። የበዓል ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ልጃቸው ሳንሱሲ ገዝታ ያመጣችላቸውን ጥቁር ጫማ አጠለቁ፤ ከዚያም ከቡፌያቸው ፊት ወንበር አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ። ቡፌው ብርጭቆው እንደተደረደረ፣ ላዩም ላይ የላስቲክ አበባው እንዳለ ነው።

ፎቶው ታትሞ መጣ። ጽጌማርያም ከፍ ባለ ኩራት ሰጠቻቸው። ፊታቸው ከነመስመሩ፣ ከነዓይናቸው ብርሃን በአንድ ወገን ቁልጭ ብሏል፤ የቀረው ሁሉ ቀልጦ ቡናማና ወርቃማ ቀለም ሆኗል። እትዬ ዘመነች መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን አዙረው ጀርባውን ጭምር አዩት።

"እግሬስ?" አሉ።

ጽጌማርያም ይህ የፊት ፎቶ መሆኑን አስረዳች።

"ታዲያ ጫማውን ያጠለቅኩት ለማን ነው? ቡፌውንስ ምን አደረግሽው? ይኼ ደግሞ ባዶ ቦታ፤ ማን ሊመጣ ነው ከአጠገቤ?"

ባዶው ቦታ ዓይን እንዲያርፍበት ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን ነገረቻቸው። እትዬ ዘመነች መነጽራቸውን አውልቀው ፍርዳቸውን ሰጡ። "ቆርጠሽ ጥግ አስቀመጥሽኝ ልጄ። ያውም በጭጋግ።"

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። እኛ ፎቶ የምንነሳው ፊታችን እንዲታይ ብቻ አይደለም፤ ያለንን ይዘን ነው የምንነሳው። ቀጥ ብለን፣ መሃል ላይ፣ ከራስ ጸጉር እስከ ጫማ፤ ከኋላችን ደግሞ ለዓመታት ያጠራቀምነው ቡፌ፣ መጋረጃ፣ ቴሌቪዥን፣ የልጅ ምርቃት ሥዕል። ከእነዚህ አንዱን ያደበዘዘ ሰው ሥነ ጥበብ ሠራሁ ይበል እንጂ ለእኛ ንብረት አውዳሚ ነው። ሚሊዮን ይህን አላስተማረም፤ መጽሐፉ ውስጥም የለም።

ጭጋጉ የመጣው ከሦስተኛው ትምህርት ነው፤ ተማሪዎቹ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ይሉታል። ነገሩ ከፊት እስከ ኋላ ካለው ምን ያህሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ መወሰን ነው። ሌንሱ ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት የሚለው ቀጭን ሽራፊ ብቻ ነው፤ ሲጠብ ከቅርቡ እስከ ሩቁ ሁሉም ይጠራል። ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ኪዳን ይህን ሲሰማ አልተገረመም። በእሱ መሥሪያ ቤት ዋናው ሹም የሚቀመጠው ቢሮ ቁጥር አንድ ውስጥ ነው፣ የእሱ ክፍል ግን ቢሮ ቁጥር አርባ ምናምን ነው፤ በየትኛው በኩል ብርሃን እንደሚገባ ያውቃል።

ጽጌማርያም በሰፊው ቀዳዳ ፍቅር ያዛት። ያገኘችውን ሁሉ አደበዘዘች። የእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ኮሚቴውን በሁለት ረድፍ አሰልፋ አነሳች። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሊቀመንበሩ አቶ ወልደ አማኑኤል የጢማቸው ጸጉር አንድ በአንድ ይታያል፤ ከኋላቸው የቆመው ገንዘብ ያዥ ግን ጨርሶ ጠፍቷል። ለእድር ከዚህ የባሰ ፎቶ ሊኖር አይችልም። አባላቱ ፎቶውን እየተቀባበሉ ሳቁ፣ ገንዘብ ያዡ ግን አልሳቀም፤ እንዲታይ በጽሑፍ ጠየቀ።

ኪዳን በዚያ ምሽት ሚስቱ ታዝናለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ፎቶውን ራት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከማንም በላይ ሳቀችበት፤ በማግስቱም ኮሚቴውን ከየቤቱ ለቅማ እንደገና አሰለፈች። ኪዳንን ያስገረመው ይህ ነው። እሱ ወጣት ሳለ ክራር ይማር ነበር፤ አንድ ቀን ጓደኞቹ ፊት ጣቱ ሳተ፣ ከዚያ ወዲህ ክራር ነክቶ አያውቅም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ከአንድ ዕድሜ በኋላ በሰው ፊት የምንሠራው የምንችለውን ብቻ ነው፣ የምንችለው ደግሞ በየዓመቱ ያንሳል። ጽጌማርያም ግን አለማወቋ አያሳፍራትም። ልጆቿ ሊሆኑ በሚችሉ ተማሪዎች መሃል እጇን አውጥታ የማይገባትን ትጠይቃለች፤ እነሱም ያልገባቸው መሆኑን የሚያውቁት እሷ ስትጠይቅ ነው። በየማለዳው፣ ሰው ሳይነሳ፣ ብርሃኑ በቆርቆሮው ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚሄድ በፒጃማዋ ቆማ ታያለች። ኪዳን በመስኮት ያያትና ተመልሶ ይተኛል፤ እንቅልፍ ግን አይወስደውም፣ ፈገግ ብሎ ነው የሚተኛው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስብሰባ ተጠራን ተብሎ የግቢው ሰው ሁሉ ወጣ። አካባቢው ለልማት እንደሚነሳ ተነገራቸው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ምትክ የተሰጠው በተለያየ አቅጣጫ ነው። እትዬ ዘመነች ልጃቸው ዘንድ ሳንሱሲ ሊገቡ ነው፣ ረሻድ በዘነበወርቅ በኩል ሱቅ የሚሆን ቦታ አግኝቷል፣ ኪዳንና ጽጌማርያም ከከተማው ሌላ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። ሰዉ አንዳንዱ አዘነ፣ አንዳንዱ የራሱ ባኞ ስለሚኖረው ተጽናና፤ አብዛኛው ሁለቱንም ሆነ።

ኪዳን ከሥራ ሲመጣ ከግቢው በር እስከ ቤቱ ድረስ ያለውን መንገድ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ። የረሻድ ጓሮ፣ የእትዬ ዘመነች ደጅ፣ ቧንቧው፣ የተጣመመው ግድግዳ፣ በሩ። በሥራው ስንት ሰፈር በአንድ መስመር ተጽፎ እንደቀረ ያውቃል፤ "ቀድሞ መኖሪያ የነበረ" ይላል ሰነዱ፣ ማን ከማን ቀጥሎ ይኖር እንደነበረ ግን አይልም። ስለ መውጣት ወሬ በተነሳ ቁጥር ተነስቶ ይሄዳል። ጽጌማርያም ዕቃ እንዲያስር ጠየቀችው፤ ነገ አላት። ነገም ነገ አላት።

ፎቶውን ያዘዙት እትዬ ዘመነች ናቸው። አንድ ቀን ጽጌማርያምን ደጃቸው ላይ አስቁመው፣ እሳቸውን ጭጋግ ያለበሰችበትን ያንን ካሜራ ይዛ እንድትመጣ ነገሯት። "ሁላችንንም አንሺን። እዚሁ፣ ግቢው ውስጥ። ጫማዬም ይግባ፣ ቧንቧውም፣ የእናንተም በር። አንዱንም እንዳታጠፊብኝ። ከዚህ ወጥቼ ኪዳን የተወለደበትን በር ብጠየቅ የማሳየው ይኑረኝ።"

ማዘዝ ቀላል ነው። ግቢው እንደ ኮሪደር ረጅምና ጠባብ ነው። ጽጌማርያም እትዬ ዘመነችን ፊት አስቀምጣ ሞከረች፤ እሳቸው ጥርት አሉ፣ ቤቱ ሁሉ ጠፋ። ሌንሱን በሩ ላይ አነጣጥራ ሞከረች፤ የበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ታየ፣ እትዬ ዘመነች ግን ነጭ ጉም ሆኑ። ካሜራው ላይ ስታሳያቸው፣ "ገና ሳልወጣ አጠፋሽኝ" አሉ።

በዚያው ሳምንት ሚሊዮን የመመረቂያ ሥራ ሰጥቷቸው ነበር፤ አንድ ሰው፣ ከኋላው ያለው ሁሉ የቀለጠ። ጽጌማርያም የምትችለው ይህንኑ ነው፣ እንዲያውም ከክፍሉ የሚበልጣት የለም። እሷ ግን ተነስታ፣ ምንም ነገር እንዳይቀልጥ የሚደረገው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ሚሊዮን ሥራው እሱ አለመሆኑን አስታወሳት። እሷም ታውቃለች፤ ቢሆንም መልሱን ፈለገች። ስለ ግቢው የነገረችው ያኔ ነው። ልጁ ተነስቶ ሰሌዳው ላይ ሣለላት። ቀዳዳውን ማጥበብ፤ ካሜራውን ማቆሚያ ላይ ማሰር፤ ሌንሱን ፊት ካለው ላይም፣ ኋላ ካለው ላይም ሳይሆን፣ ወደ ውስጥ ሲሶውን ገባ ብሎ ባለ ነገር ላይ ማነጣጠር። አንድ ችግር ግን አለ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ያንሳል፣ ስለዚህ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ይቆያል። እስኪከድን ድረስ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይበላሻል።

ልምምዱ አጠና ተራ ሆነ። ጽጌማርያም ኪዳንን ይዛ፣ የባሕር ዛፍ አጠና በቁመቱ ከተደረደረበት አንድ ቦታ ሄደች። ነገሬ የሚባለው ነጋዴ ትልቅ ግንበኛ የመጣ መስሎት ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ስንት ልጫንላችሁ?"

ኪዳን ለመግዛት ሳይሆን ለማየት እንደመጡ ነገረው። ነገሬ አጠና ለማየት የመጣ ሰው አይቶ አያውቅም፤ ቤት ሊሠሩ ነው ወይስ አጥር ብሎ በድጋሚ ጠየቀ። ኪዳን የሚፈርስ ቤት እንዳላቸው መለሰለት። ነገሬ ከዚያ በኋላ ዋጋ አላነሳም። ኪዳን ከአጠና ወደ አጠና እየተዘዋወረ በየተራ ቆመ፣ ክብርት ተማሪም ከማቆሚያው ጀርባ ሆና አነሳች፣ አየች፣ አጠፋች። ኋላ ላይ ነገሬም ራሱን አስገብቶ ካሜራው ላይ እያየ አስተያየት ይሰጥ ጀመር፤ መጨረሻ ላይ ያለው አጠና ጠማማ መሆኑን ያወቀው፣ ባለቤቱ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ፎቶ ነው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ከፊተኛው አጠና ልጥ እስከ ኋለኛው ጉጥ አንድ ሳይቀር ጥርት ያለበት ፎቶ ወጣ። ጽጌማርያም መንገደኛው ሁሉ እያየ እዚያው ዘለለች።

ፎቶው የሚነሳበት እሑድ መጣ። ረሻድ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣ ስለሆነ አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፣ ዕቃውም እየተጫነ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ያሉበት የመጨረሻው ቀን ይህ ነው። ብርሃን ወደዚያ ጠባብ ግቢ የሚገባው ከረፋዱ ላይ ነው፣ እሱም ብዙ አይቆይም። እትዬ ዘመነች ጫማቸውን አጥልቀው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጽጌማርያም የመዋዕለ ሕፃናቱን ድምፅ አውጥታ የረሻድን ሚስትና ልጆች በግድግዳው በኩል፣ ሌሎቹን በየደጃቸው አቆመች። እንዳይተነፍሱ ቀርቶ እንዳያስቡ ነገረቻቸው።

ኪዳን አልነበረም። አይሱዙው አጠገብ ቆሞ ከሾፌሩ ጋር ስለ መንገድ መዘጋጋት ያወራ ነበር። ረሻድ ሊጠራው ሄደና ብቻውን ተመለሰ፤ ፎቶ አይወድም ተባለ፣ ዕቃ መጠበቅ አለበት ተባለ። ጽጌማርያም ካሜራዋን ማቆሚያው ላይ ትታ ራሷ መጣች።

"ና፣ ቁምልኝ" አለችው።

"እናንተ ተነሱ። እኔ እዚህ ነኝ።"

"ሌንሱን የማነጣጥርበት ሰው አጣሁ። ግድግዳው ላይ አልይዝ አለኝ።"

ኪዳን ውሸት መሆኑን አውቋል፤ ሰሞኑን በአጠና ላይ ሲይዝላት አይቷል። እሷም ማወቁን ታውቃለች።

"ከቆምኩ አለቀ ማለት ነው" አላት ቀስ ብሎ።

"ባትቆምም ያልቃል ኪዱ። ባትቆም ግን አንተ የሌለህበት ግቢ ይዤ ልሄድ ነው። እሱን እኔ የት ላድርገው?"

ሾፌሩ ጎማ የሚያይ መስሎ ራቅ አለ። ኪዳን ተከተላት። ቧንቧው አጠገብ ወሰደችው፤ ከእትዬ ዘመነች ወደ ውስጥ ሲሶውን ገባ ብሎ ያለው ቦታ እሱ ነው። ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሃል ላይ አቆመችው። ቆሻሻ ውኃ የሚወርድበት ሲሚንቶ ላይ፣ እናቱ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ጉልበቱን ታሽበት በነበረው ቦታ ላይ ቆመ። ልብሱን አላስተካከለም። ከኋላው በሩ አለ።

ጽጌማርያም ካሜራው ላይ ጎንበስ አለች፣ አነጣጠረች፣ ቀና አለች። እትዬ ዘመነች አንገታቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በከንፈራቸው ጫፍ፣ "አንቺስ?" አሉ።

ስለ ራሷ አላሰበችም ነበር። ካሜራው ግን ራሱ ቆይቶ የሚያነሳበት ብልሃት አለው፤ ተጭነህ ሮጠህ ትገባለህ። ከኪዳን ጎን ቦታ ተተወላት። ተጫነች። ሮጠች።

ሮጣ ብትገባ ምንም ባልነበረ። ነገር ግን በእትዬ ዘመነች በኩል ስታልፍ ነጠላቸው በአንድ ወገን ተንሸራቶ አየች፣ አስተካከለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ የረሻድ ትንሿ ልጅ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አየች፣ አወጣች። የኪዳን ኮሌታ ታጥፎ ታያት፣ እጇን ዘረጋች፤ ካሜራው ጠቅ ብሎ ዓይኑን ከደነ።

ሁሉም ተበተነና የካሜራውን ትንሽ መስታወት ከበበ። እትዬ ዘመነች ከሁሉ በፊት ጫማቸውን ፈለጉ፤ ከነማሰሪያው አለ። ቧንቧው አለ፣ ከሥሩ የተጠመጠመው ጨርቅ እንኳ አለ። የተጣመመው ግድግዳ፣ የረሻድ ሚስት ሻርፕ አበባ፣ የቆርቆሮው ዝገት፤ እስከ ግቢው መጨረሻ ምንም የጠፋ የለም። ጽጌማርያም ግን የለችም። ከእትዬ ዘመነች ወንበር እስከ ኪዳን ትከሻ ድረስ፣ አንድ ሰማያዊ ጭረት፣ ነፋስ የወሰደው ሻሽ የመሰለ ነገር አለ። ፊት የለውም።

"ተበላሸ" አለች። "ቶሎ በሉ፣ አንድ እንድገም፣ ባላችሁበት።"

ማንም ባለበት አልነበረም። እትዬ ዘመነች ጫማው ስላቃጠላቸው አውልቀዋል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው፣ ረሻድ ወደ ዕቃው ሮጧል፤ ጥላውም ወርዶ ቧንቧውን ሸፍኖታል። ጽጌማርያም ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየች። ዓይኗ ሞላ። በዚያ ሁሉ ወራት፣ በገንዘብ ያዡም ሆነ በቡፌው ጊዜ፣ ኪዳን ስታለቅስ አላያትም ነበር።

ካሜራውን ከእጇ ወሰደ። ስታሳየው ብቻ ነበር የሚያየው፤ ራሱ ይዞ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። በሩን አሳደገው፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ አየ። መቃኑ ላይ አባቱ ባርኔጣ ይሰቅልበት የነበረ ምስማር አለ፤ ምስማሩ እዚያ መኖሩን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያስታውስ አልነበረም። ከዚያ ወደ ራሱ መጣ። ቆሟል፤ ፊቱ እንደ መታወቂያ ፎቶ ደርቋል። ወደ ትከሻው የሚመጣውን ጭረት ግን ከሁሉ አስረዝሞ አየው። ጫፉ ላይ፣ ኮሌታው አጠገብ፣ አምስት ጣት የሚመስል ነገር ነበር።

"ይኼኛውን እንዳታጠፊው" አላት።

"እኔ የለሁበትም እኮ።"

"አለሽ እንጂ። ከተጋባን ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ ቆመሽ አይቼሽ አላውቅም። ቆመሽ ብትወጪ ኖሮ ማን ናት ብዬ ነበር የምጠይቀው።"

መልስ ጠበቀ። ቀና ሲል ከፊቱ ማንም የለም። ረሻድ መደርደሪያውን ብቻውን ሊያነሳ ሲታገል አይታ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፣ ሄዳ አንዱን ጫፍ ይዛለታለች፤ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያለችም ታዘዋለች።